ዶላሩ ሲወጣ ሰሊጡ ለምን አብሮ አልወጣም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ በዜና የሚሰማው ቁጥርና ገበያ ላይ የሚገጥመው ዋጋ ለምን እንደማይገናኙ ይጠይቃሉ። አምስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረን፣ እንደሚከተለው መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ ኑሮዬ አዘዞ ነው፤ መተማ መሬት ተከራይቼ ሰሊጥ አመርታለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ሲዳከም «ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ያለው ሰው ቀን ወጣለት» ተብለን ነበር። ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ የሰሊጤ ዋጋ ግን እጥፍ አልሆነም። ልዩነቱን ማን በላው? አቅራቢው ነው፣ ላኪው ነው ወይስ ደላላው?

መልስ፦ ደላላም ሆነ አቅራቢ የራሱን ሳያነሣ አያልፍም፤ ይሁን እንጂ እርስዎ ከሚጠይቁት ልዩነት አብዛኛው በማንም ኪስ አልገባም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረምና። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ከእጥፍ በላይ» የሚባለው ስሌት የሚነሣው ከዚህ 57 ብር ነው። የእርስዎ ሰሊጥ ግን ከለውጡ በፊትም ቢሆን በ57 ብር ሒሳብ አልተገዛም።

ይህን ለመረዳት ላኪው ያን ጊዜ ሰሊጥ የሚልከው ለምን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ባንክ ዶላር እንደልብ አይሰጥም ነበር፤ ቆርቆሮ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ ወይም የግንባታ ዕቃ ማስመጣት የሚፈልግ ነጋዴ ወረፋ ይዞ ለወራት ይጠብቅ ነበር። ምርት ልኮ ዶላር የሚያስገባ ሰው ግን ካስገባው ላይ የተወሰነውን ድርሻ ለራሱ እንዲያስቀር ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ ብዙ ላኪዎች አስመጪዎችም ነበሩ፤ ሰሊጡ ለእነርሱ የሚያተርፍ ሸቀጥ ሳይሆን ዶላር የሚገኝበት መንገድ ነበር። በሰሊጥ እየከሰሩ በቆርቆሮ ያተርፉ ነበር።

ለማስረዳት ያህል ግምታዊ ቁጥሮችን እንውሰድ። አንድ ኩንታል ሰሊጥ በውጭ ገበያ 150 ዶላር ያወጣል እንበል፤ በ57 ብር ሲመነዘር 8,550 ብር ይሆናል። ላኪው ግን ከአምራቹ በ11,000 ብር ይገዛዋል፤ ገና የማጓጓዣውን ሳንቆጥር 2,450 ብር ከሰረ ማለት ነው። ከ150 ዶላሩ 40 በመቶውን፣ ማለትም 60 ዶላር፣ ለራሱ ቢያስቀርና በዚያ ያስመጣውን ዕቃ ዶላር በጥቁር ገበያ 115 ብር በሚባልበት ሒሳብ ቢሸጠው፣ በእያንዳንዱ ዶላር 58 ብር፣ በድምሩ 3,480 ብር ያገኛል። ኪሳራውን ሸፍኖ 1,030 ብር ይተርፈዋል።

ተመኑ ሲለቀቅ ያው 150 ዶላር በ125 ብር ቢመነዘር 18,750 ብር ያወጣል። ላኪው ግን በቆርቆሮ የሚያካክሰው ትርፍ ስለ ጠበበበት፣ በኪሳራ የሚገዛበት ምክንያትም አብሮ ቀርቷል። ማጓጓዣውን፣ ማበጠሪያውን፣ የባንክ ወለዱንና የራሱን ትርፍ ቀንሶ ለእርስዎ 16,500 ብር ቢሰጥ፣ ዶላሩ ከ57 ወደ 125 ሲገባ 119 በመቶ ሲጨምር፣ ሰሊጡ ከ11,000 ወደ 16,500 ብር ሲገባ የጨመረው 50 በመቶ ብቻ ይሆናል። የዓለም ዋጋ በዚያው ወቅት ከ150 ወደ 130 ዶላር ቢወርድ ደግሞ ወጪውና ትርፉ እንዳለ ሆኖ የእርስዎ ጭማሪ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል።

የድሮው አሠራር ናፍቆዎት ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያ ላኪ በሰሊጥዎ ላይ የጨመረልዎትን ብር ያመጣው ከቆርቆሮ ገዢው ነበር፤ ቆርቆሮ ገዢው ደግሞ አዘዞ ላይ ቤት የሚሠራው ጎረቤትዎ፣ ምናልባትም እርስዎ ራስዎ ነበሩ። በእኔ እምነት ያ አሠራር መቅረቱ ደግ ሆነ፤ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ በኋላም ፈጽሞ አልጠፋም እንጂ ቢጠፋ እንዲያውም በተሻለ ነበር። ለገበሬው «ዶላር እጥፍ ሲሆን ምርትህም እጥፍ ያወጣል» ብለው የተናገሩት ሰዎች ግን ሒሳቡን ከ57 ብር በመጀመራቸው ያለ አግባብ ተስፋ ሰጥተዋል።

ከገቢው ይልቅ በርትቶ የመጣብዎት ወጪው ይመስለኛል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሦ የሚጠብቅ ሰብል አይደለም፤ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ የፍሬው ከረጢት ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በመከር ሰሞን ባለ እርሻው ሁሉ በአንድ ጊዜ አጫጅ ይፈልጋል፤ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የመንገዱ ጸጥታ ካሳሰበው ደግሞ የሚመጣው ሰው ያንሳል፣ የሚጠይቀው ክፍያ ይጨምራል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ደርቆ፣ ተገልብጦ እስኪራገፍ ድረስ ያለው የቀን ሒሳብ በጥሬ ብር የሚከፈል ስለ ሆነ፣ ዕዳ ያለበት አምራች ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋው ዝቅ በሚልበት ወቅት ለመሸጥ ይገደዳል። የምንዛሬ ለውጡ ይህን ችግር አልነካውም፤ ሊነካውም አይችልም ነበር።

ከአቅራቢ ጋር ሲደራደሩ የውጭውን ዋጋ በቶን በዶላር ይጠይቁ፤ ለአሥር አካፍለው በዕለቱ የባንክ መግዣ ተመን ያባዙት። በዚህ ሒሳብና በሚሰጥዎት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የመኪናው፣ የማበጠሪያውና የወለዱ ወጪ ሊያስረዳው ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «ማን በላው?» ማለትዎ ተገቢ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በአንድ የቅባት እህል ላኪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቻይና ቀረጥ አነሣች፣ አሜሪካ ቀረጥ ጣለች ሲባል እንሰማለን። ለጎንደር ገበያ ሁለቱ ዜናዎች ምን ማለት ናቸው?

መልስ፦ ለሰሊጥ ሁለቱም ከሚባለው ያነሱ ናቸው። ቻይና ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከእርሷ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ካላቸው በዕድገት ወደ ኋላ ከቀሩ አገሮች የሚገባውን ምርት ሁሉ ከቀረጥ ነጻ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አንዷ ናት። ነገር ግን ሰሊጥ ከዚያ በፊት በነበሩት የቻይና የቀረጥ ነጻ ዝርዝሮች ውስጥ ቀድሞ የገባ ምርት ነው። አዲሱ ውሳኔ ለሰሊጥ ያነሣው ቀረጥ የለም። ከዚህም ሌላ ያው ዕድል ለታንዛኒያና ለሞዛምቢክ ሰሊጥም ተሰጥቷል፤ ሁሉም ተወዳዳሪ በነጻ በሚገባበት በር ነጻ መግባት ብልጫ አይሆንም። ገዢው የሚያበላልጠው በንጽሕናው፣ በዘይት መጠኑና በውል በተባለው ቀን በመድረሱ ነው። የእኛ ነጭ ሰሊጥ ስሙ የወጣ ነው፤ በቀኑ መድረሱ ላይ ግን እንታማለን።

አሜሪካ በበኩሏ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በአብዛኞቹ አገሮች ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ቀረጥ መጣሏን ስታሳውቅ የኢትዮጵያም ድርሻ ይኸው 10 በመቶ ነበር። ጎንደር በቀጥታ ወደ አሜሪካ የምትልከው ብዙ ስለሌላት ጉዳዩ ይበልጥ የሚነካው የደቡቡንና የምዕራቡን ቡና ነው። ቀረጡን ማን ይከፍለዋል ለሚለው፣ በሕግ የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጣሉትን የአሜሪካ ቀረጦች የመረመሩ የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም ሸክሙ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በአሜሪካውያን ገዢዎች ላይ እንዳረፈ አግኝተዋል። በኋላም ሌላ ማስረጃ መጥቷል፤ አሜሪካ ራሷ እምብዛም የማታመርተውን ቡና መቅረጧ ያስወደደባት የራሷን ሕዝብ ቁርስ ስለ ሆነ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ቡናን ከዚህ ቀረጥ ነጻ አድርጋዋለች። ለአገራችን ከ10 በመቶው ይልቅ የከበደው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል፣ መውጣታችን ነበር፤ እርሱም የጎዳው ልብስ ሰፊውን ነው እንጂ ሰሊጥ ላኪውን አይደለም።

ጥያቄ፦ የፒያሳ ነዋሪ የሆንኩ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን አብዛኛውን የኖርኩት ዶላር ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም በሆነበት ዘመን ነው። የገንዘብን ዋጋ ለገበያ መተው በአገራችን ከዚህ ቀደም ታይቶ ያውቃል?

መልስ፦ በእርስዎ ከተማ ለረጅም ዘመን ታይቷል። በጎንደር ዘመነ መንግሥትና ከዚያም በኋላ ገበያው የሚንቀሳቀሰው በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ አንድ ብር ስንት አሞሌ ያወጣል የሚለውን የሚወስን ባንክ አልነበረም። ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ስለሚመጣ ከምንጩ በራቁ ቁጥር ይወደዳል፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላና ቅፍለት ሲቀር እንደገና ይወደዳል፤ ሲከፈት ደግሞ ይረክሳል። ነጋዴውም ይህን እያየ ጨውን ይደብቅ ወይም ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ ተመን የሚለዋወጥ ገንዘብ ለቅድመ አያቶቻችን ብርቅ አልነበረም።

ብርቅ የሆነው ለእኛ ነው፤ የጨመረውም በአንድ ጊዜ በመዝለል ስለ ነበር ነው። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ተመኑ በመንግሥት ይወሰን ነበር። ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም የነበረው ዶላር በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድ ጊዜ አምስት ብር ሆነ፤ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ከ16 ብር በላይ ገባ፤ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ23 ወደ 27 ብር ተጠጋ። በየመካከሉም በጥቂት በጥቂቱ ይገፋ ነበር። ተወስኖ ይኖር የነበረው ተመን የተረጋጋ ይመስል የነበረው የተጠራቀመው ግፊት አንድ ቀን እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ራዲዮው የዋጋ ግሽበት ቀነሰ ይላል። በርበሬው ግን የቀነሰ ዋጋ የለውም። ልጄም ሱቅ ሊከፍት ባንክ ብድር ጠይቆ «ለጊዜው ቆሟል» አሉት። እነዚህ ነገሮች ይያያዛሉ ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ በሚገባ ይያያዛሉ፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች ያላያያዙትን ነው ያያያዙት። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ዋጋ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ ግሽበት 19.9 በመቶ ነበር፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. 13.6 በመቶ ሆነ። መቶ ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት ውስጥ 120 ብር ቢገባና በሚቀጥለው ዓመት 13 በመቶ ቢጨምር 135 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል እንጂ ወደ መቶ አይመለስም። ይህ ቁጥር ደግሞ የእህሉም፣ የዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የታክሲውም ድምር ነው፤ በርበሬ ብቻውን በዚያው ዓመት ሊብስበትም ሊሻለውም ይችላል።

ብር ሲዳከም ዋጋ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ብለው የፈሩ ብዙዎች ነበሩ፤ እንደተፈራው ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ለሰሊጥ አምራቹ የነገርነው ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ቀድሞውንም በጥቁር ገበያው ሒሳብ ይሸጥ ነበር። ሌላው ምክንያት የልጅዎ ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች በዓመት ውስጥ ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገድቦ ነበር፤ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ገደቡ ላይ የደረሰ ባንክ ጥሩ ተበዳሪ ቢመጣለት እንኳ ይመልሰዋል፤ ከሚመለሱት ውስጥ ደግሞ መያዣ የሌለው ወጣት የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ ሲጠብ ዋጋ ይረጋጋል፤ የመረጋጋቱን ዋጋ ግን ሁሉም እኩል አይከፍለውም። ልጅዎ ባንኩ የዓመቱን ገደብ አዲስ በሚጀምርበት ወር ተመልሶ ቢጠይቅ የተሻለ ዕድል አለው።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአገራችንን የዕድገት ትንበያዎች ስሰበስብ የመንግሥትና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቁጥሮች በጣም ተራራቁብኝ። ትንበያዎቹ ይህን ያህል የሚሳሳቱ ከሆነ መጠቀሙስ ለምን ያስፈልጋል? ከሁለቱስ የትኛውን ልጥቀስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ራሱ ብዙ የተጻፈበት ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት የኢኮኖሚ ባለሙያ የነበሩት ፕራካሽ ሉንጋኒ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በልዩ ልዩ አገሮች የደረሱ 60 የኢኮኖሚ ድቀቶችን መርምረው ከአንድ ዓመት በፊት በባለሙያዎች የተተነበዩት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን አሳይተዋል። በተቃራኒውም ይሳሳታሉ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የብሉምበርግ የኢኮኖሚ ሞዴል አሜሪካ በ12 ወራት ውስጥ ድቀት ውስጥ የመግባቷ ዕድል 100 በመቶ ነው አለ፤ ድቀቱ አልመጣም፤ ኢኮኖሚው እንዲያውም አደገ። «መቶ በመቶ» የሚል ትንበያ ባየሁ ቁጥር ሞዴሉን ሳይሆን የሠራውን ሰው መጠርጠር ይቀናኛል።

ስህተቱ የሚመነጨው ከስንፍና ብቻ አይደለም። ዝናብ የሚቲዎሮሎጂን ትንበያ ሰምቶ ሐሳቡን አይቀይርም፤ ገበያ ግን ይሰማል። ነጭ ሽንኩርት በመጪው ዓመት ይወደዳል ቢባል ገበሬው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ይተክላል፤ ምርቱ ሲደርስ ይረክሳል፤ ተንባዩም ትክክል ስለ ተናገረ ብቻ ስህተተኛ ይሆናል። ባለሙያዎች ደግሞ ከጓደኞቻቸው ተለይተው ከሚሳሳቱ ከሌሎች ጋር አብረው ቢሳሳቱ ስለሚመርጡ፣ ትንበያዎቹ አንዱ በሌላው ዙሪያ ይሰበሰባሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የቀድሞው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር ቤን በርናንኬ የእንግሊዝን ማዕከላዊ ባንክ የትንበያ አሠራር መርምረው ያቀረቡት ሪፖርት ለእርስዎ ጽሑፍ የሚጠቅም ይመስለኛል። ባንኩ ያረጀ ሶፍትዌር እንደሚጠቀም ከመንቀፋቸው በላይ፣ በአንድ ማዕከላዊ ቁጥር ዙሪያ የሚሳለውን ሥዕላዊ መግለጫ ትቶ «እንዲህ ቢሆንስ» የሚሉ አማራጭ ሁኔታዎችን እንዲያቀርብ መክረዋል። ትንበያ የሚጠቅመውም እዚያ ላይ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን በጀት ሲያዘጋጅ አንድ ቁጥር ይፈልጋል፤ የነዳጅ ዋጋ እንዲህ ቢሆን፣ ክረምቱ እንዲህ ቢሆን ምን ይከተላል የሚለውን የሚያስቆጥረው ግን ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የቆመበት ግምት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ለ2017 በጀት ዓመት መንግሥት 8.4 በመቶ ዕድገት ተንብዮ ነበር፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት 6.6 በመቶ አለ፤ በጀት ዓመቱ ሲያልቅ መንግሥት 9.2 በመቶ መመዝገቡን አስታወቀ። ልዩነቱን «አንዱ ዋሽቷል» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ከመዝጋትዎ በፊት ግን የግብርና ምርት ግምቱ ምን ያህል እንደተለያየ ይመልከቱ፤ የአገራችን ዕድገት ሰፊ ክፍል የሚያርፈው በእርሻ ላይ ነውና። ጥቂት ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ሌላ ነገርም ልጠቁምዎ፤ የገንዘብ ድርጅቱ ለኢትዮጵያ «2025» ብሎ የሚያወጣው ቁጥር ከጥር እስከ ታኅሣሥ ያለውን የፈረንጆች ዓመት ሳይሆን እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን በጀት ዓመት የሚመለከት ነው። ይህን ሳያውቁ ከሌሎች አገሮች ጋር ያነጻጸሩ ጽሑፎች ግማሽ ዓመት የተንሸራተተ ሠንጠረዥ ይዘው ይቀርባሉ።

ስለዚህ ሁለቱንም ይጥቀሱ፤ እያንዳንዱ የወጣበትን ወር ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፉ፤ ትንበያውንና በኋላ የተመዘገበውን በአንድ ዓምድ አያቀላቅሉ። የነፍስ ወከፍ ገቢን የሚመለከት ምዕራፍ ካለዎት ደግሞ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ያካፈሉበት የሕዝብ ብዛት ግምት እንጂ ቆጠራ አለመሆኑንና ግምቱ የማን እንደሆነ በግርጌ ማስታወሻ ቢያሳውቁ፣ ፈታኞችዎ መጀመሪያ ከሚጠይቁዎት ነገር አንዱን ቀድመው መለሱ ማለት ነው።